እሺ ባዩ ይግዛው

ይግዛው ካሴ በዕድሜው ያልሞከረው ሥራ ቢኖር ጵጵስናና አዋላጅነት ነው። እነሱንም ቢሆን የጠየቀው ሰው ጠፍቶ እንጂ ቢጠየቅ እሺ ይል ነበር።

የታች ጋይንት ሰው ነው። ቤቱ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ተረተሩ ላይ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰነፍም አይደለም፤ ጠላም ቢሆን ካልሰጡት አይጠጣም። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎት ተወለደ። ሌላው ሰው እምቢ ማለትን ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባል፤ ሕፃን እንኳ አፉን ሳይፈታ ራሱን መነቅነቅ ያውቃል። ይግዛው ግን አፉን የፈታው «እሺ» ብሎ ነው ይባላል። እናቱ ደስ አላቸው። አባቱ ካሴ ግን አይተውት፣ «ይሄ ልጅ አፉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ለመጣው ሁሉ ክፍት» አሉ።

ወንፈል ባለበት አገር ደግሞ እንዲህ ያለ አፍ አደጋ ነው። ወንፈል ዛሬ ለአንተ ነገ ለእኔ ነው፤ ይግዛው ዘንድ ግን ዛሬም ለአንተ ነገም ለአንተ ሆነ። ክረምት ሲገባ አንዱ ጎረቤት መጥቶ ነገ እረስልኝ ይለዋል፤ እሺ። ሌላው ከነገ ወዲያ ይለዋል፤ እሺ። በተራው እሱ ሲጠራቸው የአንዱ ሚስት ታማለች፣ የሌላው ሞፈር ተሰብሯል፣ ለሌላ ጊዜ ይሁንልን ይሉታል። እሱንም እሺ። የሰው ማሳ አርሶ ሲጨርስ ዝናቡም አብሮት ይጨርስና፣ በተረፈው እርጥበት የሚበቅል ነገር ፈልጎ ጓያ ይዘራል። አገሩ ገብስና ስንዴ ሲያስገባ የካሴ ጎተራ ጓያ በጓያ ሆነ። ጓያ ሲበዛ እግር ይይዛል፤ ካሴም እግራቸው ሳይያዝ ልጁን ቶሎ ወደ ቄስ ትምህርት ለመውሰድ ተነሡ።

እሺ የሚል ልጅ ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል ብለው ስማዳ፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዘንድ አስገቡት። መሪጌታ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ፣ የጀመሩትን ንግግር ካላስጨረሷቸው ሆዳቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ልጁን ወደዱት፤ እሱም ወደዳቸው። ያልተዋደዱት እሱና ትምህርቱ ናቸው። «ገባህ?» ሲሉት «እሺ የኔታ» ይላል። አልገባህም እንዴ ሲሉትም እሺ ነው። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ከረሙ።

አንድ አርብ ቀን አኩፋዳውን አንግቶ በእንተ ስማ ለማርያም ሊል ወደ መንደር ወጣ። ቀን ያምታታባቸው አንዲት ባልቴት፣ ነፍስ ይማር፣ ረቡዕና አርብ ከተረሳቸው ቆይቷል፣ አንድ ዋንጫ እርጎ ሰጡት። ጨዋ ናቸውና «ጠጣ እንጂ ልጄ» አሉት። ተመልሶ ሲመጣ የኔታ ከዛፍ ሥር ተቀምጠዋል።

«ከንፈርህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እርጎ ነው የኔታ።»

«ቀኑስ ምንድን ነው?»

«አርብ ነው የኔታ።»

«ታዲያ?»

«ጠጣ አሉኝ።»

መሪጌታ ከተቀመጡበት ተነሡ። ከዚያ እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ እንዳንተ ያለ ታዛዥ ተማሪ አስተምሬ አላውቅም። ግን አንድ ቀን ሰይጣን በትሕትና መጥቶ ቢለምንህ ምን እንደምትለው አውቃለሁ። በል፣ ወደ አባትህ ሂድ።»

«እሺ የኔታ» አለና ሄደ።

ከዚያ ንፋስ መውጫ ወጥቶ የአንድ እህል ነጋዴ ግቢ ዘበኛ ሆነ። ዘበኛ ማለት እምቢ እንዲል የሚከፈለው ሰው ነው፤ ነጋዴው ይሄን ሳይነግረው ቀረ። የገበያ ቀን ዝናብ ሲጥል ገበሬው አህያዬን ላስጠልል አለው። አህያ ከገባ ባለቤቱ ውጭ አይቀርም። ባለቤቱ ከገባ ጨውና በርበሬ የምትሸጠው ሴት ለምን ትበሰብሳለች? ወር ሳይሞላ ግቢው ከገበያው የበለጠ ገበያ ሆነ። በኋላ ደግሞ የሰፈሩ አንድ ሰው ልጄን ልድርበት፣ ግቢው ሰፊ ነው ብሎ ለመነ። ነጋዴው ከደብረ ታቦር ሲመለስ ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፣ ሙሽሮች ተቀምጠዋል፣ ሰው ያሸበሽባል። ሰዎቹ ጨዋ ስለነበሩ እሱንም ግባ አሉት፤ ቦታ ሰጡት፤ ጎረሰ። ይግዛውን ያባረረው በማግስቱ ነው፤ የሰው ሠርግ ላይ መቆጣት ነውር ነዋ።

ቀጥሎ የዘመዱን ባጃጅ መንዳት ጀመረ። አንዱ ወደ መናኸሪያ ይለዋል፣ እሺ፤ ሁለተኛዋ ወደ ጤና ጣቢያ ትለዋለች፣ እሺ፤ ሦስተኛው ወደ ገበያ ይላል። ሦስቱም ሦስቱንም ቦታ ጎብኝተው ይወርዳሉ። ለቅሶ ሊደርሱ ተሳፍረው ተዝካር የደረሱ አሉ እየተባለ ታማ። ሐሜት ነው፤ ሰልስት ላይ ደርሰዋል።

የኔነሽን ያገባትም በዚያው ሰሞን ነው። ባጃጁ ውስጥ ተቀምጣ ከተማውን ሁለት ጊዜ ስትዞር ቆይታ፣ «እንዲህ ከምታዞረኝ አታገባኝም?» አለችው። በሕይወቴ ያልጸጸተኝ እሺ ያ ነው ይላል ይግዛው። የሚለው እሷ ባለችበት ነው፤ በሌለችበት የጠየቀው ሰው የለም።

አባቱ ሲያርፉ ወደ ተረተሩ ተመልሶ፣ እርሻው ላይ ጨመር አድርጎ አርብ አርብ የከብት ደላላ ሆነ። ሻጩ ከዚህ አልወርድም ሲለው እሺ፣ ገዢው ከዚህ አልወጣም ሲለው እሺ። ሁለቱም ነገሩ ያለቀ እየመሰላቸው አንዱ በሬውን በቀንዱ፣ አንዱ በጭራው ይዘው ሲጓተቱ ይውላሉ። በሬው ራሱ ይግዛውን ሲያይ ይደነግጥ ነበር አሉ። ከድለላው ያተረፈው አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ የነባር ደላሎች ትምህርት። ሻጭ በመጀመሪያው ቃል እሺ ካለህ፣ በሬውን ዞር ብለህ እየው፤ ወይ ይዋጋል፣ ወይ ትልም ላይ ይተኛል።

ይግዛውና የኔነሽ አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሜሮን። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ደብረ ታቦር ኮሌጅ ልግባ፣ መድኃኒት ነው የምማረው ስትል፣ አጎት አክስቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይቅርባት፣ ትዳር ትያዝ አለ። ይግዛው እሺ አላቸው። ከዚያ ሜሮን ለብቻው አግኝታው ለመነችው፤ እሷንም እሺ አላት። ሁለቱ እሺዎች ሲጋጩ ምን እንደሚያደርግ ሰው ሁሉ ሲጠብቅ፣ በማግስቱ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱ ተሸጦ ቤት አላደረም፤ ልጅቷም ኮሌጅ ገባች። ዛሬ ንፋስ መውጫ መድኃኒት ቤት ነጭ ጋውን ለብሳ ትሠራለች። ለእሱ የቀረው ወይኖ የሚባል አንድ በሬ ነው፤ ከጎረቤቱ ከአማረ በሬ ጋር እያቀናጀ ያርሳል።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ ውድማ ላይ ገብስ በተከመረበት ሰሞን፣ ሜሮን ስልክ ደወለች። ዳዊት የሚባል አስተማሪ አለ፣ ተዋደናል፣ እሁድ ሽማግሌ ይመጣል አለች። ልጁ ወላጆቹ ሞተውበት አጎቱ አያሌው ነው ያሳደገው፤ አያሌው መካነ ኢየሱስ ከተማ የታወቀ ነጋዴ፣ ስንዴ ሳይነክስ የማይገዛ ጠንቃቃ ሰው ነው። አባዬ አደራህን አለች።

የኔነሽ ስልኩን ነጥቃ ዘጋችና ባሏን አስቀመጠችው። ወጉን ማንም ያውቀዋል። ሽማግሌ መጀመሪያ ቀን ሲመጣ እሺ አይባልም። ልጄ ገና ናት፣ ከዘመድ ልምከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይባላል። ሽማግሌም ደጅ ቆሞ ካልለመነ፣ ተመላልሶ ካልተፈቀደለት ሽማግሌ አይባልም።

«ስለዚህ ሲመጡ እምቢ ትላለህ» አለችው።

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። እምቢ።»

«እሺ፣ እምቢ።»

ሳምንቱን ሙሉ አለማመደችው። እሷ ሽማግሌ ሆና በር ላይ ትቆማለች፤ እሱ አባት ሆኖ ይቀበላል። ለሽማግሌዋ ሁሌ ይሸነፋል። በመጨረሻ ሰው ፊት ካቃተህ ከብት ላይ ተለማመድ ብላ ወደ ውድማ ላከችው። ወይኖና የአማረ በሬ ገብሱን እየረገጡ ሲዞሩ ይግዛው ከኋላቸው «አይሆንም! ልጄ ገና ናት!» እያለ ዋለ። ወይኖ በሕይወቱ ከዚህ ሰውዬ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ ስለማያውቅ ቀጥ ብሎ ቆመ። የአማረም በሬ አብሮ ቆመ። አማረ መንሹን ይዞ መጥቶ፣ «ምን ብለኸው ነው?» አለ። ነገረው። አማረ፣ «በሬውስ ሰምቶሃል፤ ለእሁድ ያብቃህ» ብሎ ሄደ።

እሁድ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው ከደጅ ቆሙ። አንደኛው አያሌው ራሱ ነው። ሌላኛው ስሙን የጠየቀው ሰው የሌለ፣ ሽማግሌ ሦስት ይሁን ስለተባለ ለማሟያ የመጣ፣ እግሩን የሚያመው አዛውንት ነው። ከፊት የቆሙት ግን ከስማዳ ወደ መካነ ኢየሱስ ተዛውረው የአያሌው ጎረቤት የሆኑት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው። ይግዛው ሲያያቸው ከንፈሩን ጠረገ።

ግቡ፣ ተቀመጡ ተባሉ። ወጉ ነውና ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ከመካነ ኢየሱስ እስከዚህ ድረስ መኪና ላይ ሲያዘጋጁት የመጡት ንግግር አለ፤ ከአዳምና ከሔዋን ተነሥቶ፣ በአብርሃምና በሣራ በኩል አድርጎ፣ ቀትር ገደማ ዳዊትና ሜሮን ላይ የሚደርስ። «እንግዲህ ልጄ ይግዛው፣ እግዚአብሔር አምላክ አዳምን ከፈጠረ በኋላ...» ብለው ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም አሉ።

«እሺ የኔታ» አለ ይግዛው።

ከጓዳ አንድ ነገር ወደቀ፤ ድስት ይሁን የኔነሽ አልታወቀም። መሪጌታ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። አያሌው ቅንድቡን ሰቀለ። «እሺ ማለት... ልጅቷን?» ሲል ጠየቀ። ይግዛው ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ላይና ወደ ታች።

ተቀመጡ፣ በሉ፣ ጠጡ። ግን ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው። አያሌው እንጀራውን እያገላበጠ ልጅቷ ጤናዋ እንዴት ነው አለ። ደኅና ናት ተባለ። ዓይኗስ? ዓይኗም ደኅና ነው። ከዚህ በፊት ባል ነበራት ወይ ብሎ ሊጠይቅ ሲል መሪጌታ በክርናቸው ጎሰሙት። መሪጌታም ቢሆኑ ያልጨረሱት ንግግር ሆዳቸውን ይዟቸው ቶሎ እንሂድ አሉ።

በሦስተኛው ቀን ሜሮን እያለቀሰች ደወለች። አያሌው ነገሩን አቁሞታል። ለዳዊት እንዲህ ብሎታል፦ «እኔ ዕድሜዬን ከአርብ ገበያ በሬ ስገዛ ነው የኖርኩት። በመጀመሪያው ቃል እሺ ከሚል ሰው ቤት በሬም አልወስድ፣ ምራትም አልወስድ።» ዳዊት ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ያሳደገውን ሰው እምቢ ብሎ ያለ ዘመድ ሠርግ ሊያደርግ አይችልም።

ይግዛው ስልኩን ይዞ ቆመ። የሰውዬው ቃል የራሱ የድለላ ትምህርት ነው፤ ስንቱን ገዢ በዚያ ቃል መክሯል። አሁን ልጁ ትልም ላይ የምትተኛ በሬ ሆና ተቆጠረች፤ በእሱ አፍ። የኔነሽ አልተቆጣችውም። ገብስ መልቀም ጀመረች፤ ያ ይብሳል።

በዚያው ዕለት ለመሪጌታ ደወለ። «የኔታ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይምጡልኝና እምቢ ልበልዎ» አለ። መሪጌታ በዕድሜያቸው እምቢ ሊባል የተጠራ ሽማግሌ አይተው እንደማያውቁ ነገሩት። ሆኖም ያልጨረሱት ንግግር አለና ሁለቱን ሽማግሌዎች እንደምንም እንደሚያመጡ ቃል ገቡ።

አመጧቸውም። በሚቀጥለው እሁድ ሦስቱ ውድማው አጠገብ ቆሙ። አማረ ለወጉ ያህል መንሹን ተደግፎ ይሰማል። የኔነሽ በበሩ ስንጥቅ ታያለች። መንገድ ላይ መሪጌታ ለአያሌው ሁሉን ነግረውታል፤ ጓያውን፣ እርጎውን፣ ዳሱን። ልጅቷ እንከን የለባትም፣ እንከኑ የአባትየው አፍ ነው ብለውታል። አያሌው ግን ስንዴ ነክሶ የሚገዛ ሰው ነው። ንግግሩ ሳይጀመር ወደ ይግዛው ቀረብ አለ።

«አንተ ይግዛው፣ እምቢ ማለት አታውቅም የሚሉት እውነት ነው?»

«እሺ ጋሼ» አለ ይግዛው፣ ደንግጦ።

«እስቲ ያን በሬ ስጠኝ።»

«እሺ።»

አማረ መንሹ ከእጁ ወደቀ። «ኧረ የመቀናጆ በሬ ነው! የእኔን ከማን ጋር ላቀናጅ ነው?» አለ፤ የሰማው የለም።

አያሌው ከጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ ጠየቀ፤ እሺ ተባለ። የሠርጉን ድግስ በሙሉ አንተው ቻለው አለ፤ እሺ። ከበሩ ስንጥቅ ትልቅ ሳል ተሰማ። አያሌው ፈገግ ማለት ጀመረ፤ እውነትም ዕቃው እንደተባለው ነው። ሊጨርሰው ፈልጎ፣ እየሳቀ፣ «እንዲህ ከሆነማ ልጅቷ መድኃኒት ቤቱን ትተው። እኔ ዘንድ መጥታ መጋዘን ትጠርግ፤ ከረጢት ትስፋ» አለ።

ይግዛው አፉን ከፈተ። እሺዋ እንደ ልማዷ ተነሣች፤ ጉሮሮው ድረስ መጣች፤ እዚያ ቆመች። ልክ ወይኖ ውድማው ላይ እንደቆመው። አፉን ዘጋ። እንደገና ከፈተ። ላብ አጠመቀው። መሪጌታ ከዳዊት መዝሙር አንዱን በልባቸው ጀመሩለት።

«እሱን...» አለ በመጨረሻ፣ «እሱን ጋሼ፣ ቀድሜ ለእሷ እሺ ብያታለሁ። አንዱ በሬዬ የሄደው ለትምህርቷ ነው። አንዱን እሺ ለሁለት ሰው መስጠት... አሁንስ አይሆንም።»

ይግዛው ራሱ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር አለ። ከኋላው ያለው ወይኖ ብቻ ነው።

አያሌው ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። «አሁን አባት አገኘሁ» አለ። ወደ መሪጌታም ዞሮ፣ «ይለምኑልኝ እንግዲህ፤ ይቺ ልጅ እንዳታመልጠን» አላቸው።

መሪጌታ ፊታቸው በራ። ከአዳም ጀመሩ። ሣራ ላይ ሲደርሱ ግን ይግዛው አቋረጣቸው። «አይሆንም የኔታ፤ ልጄ ገና ናት» አለ። ቃሏ እንዲህ ቀላል መሆኗን እስካሁን ማን ደበቀው? ለመኑት። «ከዘመድ ልምከር» አለ። እንደገና ለመኑት። «ሌላ ቀን ተመለሱ።» አያሌው ያን በሬስ ቢለው «አይሆንም» አለ፤ ባሕር ዛፉንም ከለከለ፤ አማረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ቢለው እሱንም «አይሆንም» አለው። የአርባ ምናምን ዓመት እምቢ ተጠራቅሞ ኖሮ፣ እንደ ክረምት ጎርፍ ወጣ። ፀሐይ ከረረች። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ከበሩ ስንጥቅ የኔነሽ ድምፅ መጣ፣ ልመና ነበር የሚመስለው፦ «ኧረ አንተ ሰው፣ እሺ በል!»

«አይሆንም» አለ ይግዛው።

ይሄኔ ለማሟያ የመጣው አዛውንት፣ እስካሁን ቃል ያልወጣው፣ እግሩን ቢያመው ጊዜ ዘወር ብሎ ገለባው ላይ ቁጭ አለ። ሁሉም አዩት። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ ተፈጽሟል ማለት ነው። ከአባት አባት ሲወርድ የመጣ ወግ ነው፣ ማንም አያፈርሰውም። አዛውንቱ ቀና ብሎ፣ «እኔ ተቀምጫለሁ» አለ።

ይግዛው ማን አስቀመጠህ ሊል አፉን ከፈተ። የኔነሽ ከበሩ ወጥታ አየችው። አፉን ዘጋ።

«እሺ» አለ።

ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ሆነ። መሪጌታ ንግግራቸውን ዳስ ውስጥ ሙሉውን አደረጉት፤ ወጥ ቀዘቀዘ፤ ያቋረጣቸው የለም። ሜሮን ከጫጉላው መልስ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ሥራዋ ገባች።

ወሬ ደግሞ ከአርብ ገበያ አልፎ ንፋስ መውጫ ደረሰ። ልጁን ለመዳር የቸገረው፣ ሽማግሌ ፊት አፉ የሚከዳው አባት በሙሉ አሁን የሚያስጠራው ይግዛውን ነው፤ ሄዶ ከአባትየው ጎን ቆሞ እምቢ ይልለታል። አባት ራሱ ሊለው ከሚችለው በላይ ያምራል ይላሉ። ሥራ ነው እንግዲህ፣ እስከ ዛሬ ከያዛቸው ሁሉ የበረከተለት ሥራ። ከየት መንደር ቢጠሩት፣ ዝናብ ቢሆን ፀሐይ፣ የራሱ ማሳ ሳይታረስ ቢቀር እንኳ፣ ይግዛው እሺ ብሎ ይሄዳል።